ቅርሳችንን ለማን እንስጥ?

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ጥንታዊ ሥዕል፣ ብራናና ንዋያተ ቅድሳት በእጃቸው ላለ ቤተሰቦችና አጥቢያዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ሥዕልና ጥንታዊ ዕቃ የሚጠግኑ የታመኑ ባለሙያዎች መዝገብ ተዘጋጅቶ ለሕዝብ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሙዚየም ስላልገቡ ቅርሶች ነው። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ሰፈር ብቻ እንኳ ከአያት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ የተላለፈ ሥዕለ አድኅኖ፣ በማኅደሩ እንደተንጠለጠለ የኖረ ዳዊት፣ የብር የአንገት መስቀል፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ፣ ወይም የዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት ከሠዓሊው እጅ የተገዛ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚገኝባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ዕቃዎች ያረጃሉ፤ ይሰነጠቃሉ፤ ነቀዝ ይገባባቸዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሻግታሉ። ባለቤቶቻቸው ሊያስጠግኗቸው ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም እንደ አቅማቸው ከመክፈል ወደ ኋላ አይሉም። የቸገራቸው ለማን እንደሚሰጡ ማወቅ ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኑ በሥዕል፣ በብራና፣ በእንጨት፣ በብረታ ብረት፣ በጨርቃ ጨርቅና በፎቶግራፍ ጥገና ችሎታቸውን መርምሮ ያረጋገጠላቸውን ባለሙያዎች ስም፣ ሙያና የሥራ አድራሻ የያዘ መዝገብ አዘጋጅቶ ማንኛውም ዜጋ ሊያየው በሚችል መንገድ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ።

ጥያቄዬ ከሕጉ የሚነሣ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ በአግባቡ እንዲጠብቀውና እንዲንከባከበው ያዛል፤ ማንኛውም የጥበቃና የጥገና ሥራ አስቀድሞ በባለሥልጣኑ ሊፈቀድ እንደሚገባ፣ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜም መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ያለ ፈቃድ አትንካ የተባለ ሰው፣ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ማን ይንካልኝ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ በሌለበት ሁኔታ ሕግ አክባሪው ሰው ዕቃው ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ሲያልቅ ያያል፤ ሕጉን ያልሰማው ደግሞ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሬም ሠሪ ቤት ይወስደዋል።

እንዲህ ባለ ቤት የሚሆነውን በቅርብ አይቻለሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ባለ ሁለት ሰሌዳ ሥዕለ አድኅኖ ከእናታቸው ወርሰዋል፤ በአንደኛው ሰሌዳ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ በሁለተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሥሎበታል። በጊዜ ብዛት የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያለው የጄሶ ንጣፍ ከእንጨቱ ተላቆ ወደ ላይ ተቆልምሞ ስለነበር፣ ሥዕሉን ለጸሎት በከፈቱት ቁጥር ጥቃቅን የቀለም ቅርፊት ነጠላቸው ላይ ይረግፍ ነበር። እርሳቸውም ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ለቅመው በመሐረብ ቋጥረው ያስቀምጡ ነበር። ሥዕሉን ከነቋጠሮው ይዘው ሲሄዱ ሠራተኛው «እማማ፣ አይጨነቁ፤ አዲስ አድርጌ ነው የምመልስልዎት» አላቸው። ቃሉንም ጠበቀ። ሥዕሉ በሳሙና ታጥቦ፣ የጎደለው በግንብ ጄሶ ተሞልቶ፣ የእመቤታችን ዓይንና ቅንድብ በአዲስ ጥቁር ቀለም እንደገና ተሥሎ፣ በላዩም የሚያብረቀርቅ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ተቀብቶ ተመለሰ። ቅርፊቶቹ ከነመሐረቡ ተጥለዋል። በሰሌዳው ጀርባ በቀለም ተጽፎ የነበረው የመጀመሪያው ባለቤት ስምም በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ጠፍቷል።

ሠራተኛው ክፉ ሰው ወይም አታላይ አልነበረም፤ ጥሩ አድርጎ መሥራት ማለት ማደስ ነው ብሎ ያምናል፤ ከእንጨትና ከመስታወት ጋር ሲሠራም እጁ የተባረከ ነው። ያልተማረው ነገር ግን ያቺን ሰሌዳ አጥፍቷታል። ሥዕለ አድኅኖ በአብዛኛው የሚሠራው እንጨቱ ላይ ጄሶን በእንስሳ ሙጫ ለውሶ በመቀባት፣ ከዚያም በላዩ ቀለሙን በማሳረፍ ነው። ይህ ሙጫ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ውኃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ የሚያነሣው ጥላሸቱን ብቻ አይደለም። በተጨማሪም እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ ይሰፋል፣ በበጋ ደርቆ ይጠባል፤ ጄሶው ግን አብሮት መስፋትና መጥበብ አይችልም። ቅርፊቱ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳት ሳይሆን የተነሣውን ማስተኛት ነው፤ በቅርፊቱ ላይ ስስ ወረቀት ያሳርፍና በቀጭን ብሩሽ ቀጭን ሙጫ ከሥሩ አስገብቶ፣ ለብ አድርጎና ቀስ ብሎ ተጭኖ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የማጽዳት ነገር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በማይታይ ጥግ ላይ ተሞክሮ፣ በስንጥር ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ፣ ጥቂት በጥቂት የሚሠራ ነው። የጎደለው ቦታ ቢሞላም መሙላቱ ከጉድለቱ ድንበር አያልፍም፤ የተረፈው የጥንቱ ሠዓሊ እጅ እንዲታይ ይተዋል።

በዓለም ላይ ያሉ የሙያው ሰዎች የሚስማሙበት አንድ መሠረታዊ ደንብ አለ፤ እርሱም የሚጨመረው ነገር ሁሉ ወደፊት ሌላ ባለሙያ ሊያነሣው የሚችል መሆን አለበት የሚለው ነው። ለምሳሌ በሙዚየሞች በሰፊው የሚሠራበት ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው ሠራሽ ማጣበቂያ ተመራጭ የሆነው ዘመን ሲያልፍ ብዙም ስለማይበልዝና ከዓመታት በኋላም በአሴቶን ሊሟሟ ስለሚችል ነው። ጎረቤታችን ሥዕል ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ግን ከደረቀ በኋላ የሚለቀው ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዞ ነው። ስለዚህ አሁን የተሻለ ባለሙያ ቢገኝም እንኳ ሊያደርግላቸው የሚችለው ትንሽ ነው።

በብራና ላይ የሚደርሰው ከዚህ ያነሰ አይደለም። ብራና ቆዳ ነው፤ የወረቀት ጠባይ የለውም። የተጨማደደን ብራና በካውያ ልተኩስ ያለ ሰው ተኮማትሮ ሲጠነክርበት ያያል፤ ይህም ወደ ነበረበት የሚመለስ ጉዳት አይደለም። የተቀደደውን በስኮች የያዘ ሰው ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ተልጦ ሲወድቅ፣ ሙጫው ግን ወደ ብራናው ሰርጎ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ሲቀር ያገኘዋል። ባለሙያ የተጨማደደውን ቅጠል ውኃ ሳያስነካ ሙቀት በሌለው ረቂቅ ርጥበት ለሰዓታት አለስልሶ፣ ዙሪያውን በልክ ወጥሮ ያደርቀዋል፤ ቀዳዳውንም በስስ የጃፓን ወረቀትና ሊነሣ በሚችል ማጣበቂያ ይጠግነዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጠራዦች ነገር ነው። የመጽሐፉ ጠርዝ እንዲስተካከል ብሎ የሚከረክም ጠራዥ በኅዳጉ የተጻፈውን የርስት፣ የልደትና የሙት ማስታወሻ አብሮ ይከረክመዋል፤ ያረጀውን ድጉስ ገፍፎ በአዲስ ቆዳ የሚያለብስም ከዘመኑ ምልክቶች አንዱን ወስዶ ይጥለዋል። አንድ ዳዊት የማን እንደነበር፣ በየትኛው ደብር እንደተነበበ የሚነግሩን ብዙ ጊዜ እነዚህ የዳር ጽሑፎች ናቸው።

የዘመናዊ ሥዕሎቻችን ጥገናም የራሱ ችግር አለው። ከአገኘሁ እንግዳ ጀምሮ እስከ አፈወርቅ ተክሌ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን ድረስ ያሉት ሠዓልያን የተጠቀሙባቸው ነገሮች የተለያዩ ናቸው። እስክንድር ቆዳና የዛፍ ልጥ በሥራዎቹ ላይ ተጠቅሟል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጠግን ሰው ስለ ዘይት ቀለም ብቻ ማወቁ አይበቃውም። የዘይት ቀለም ሥዕልን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሸራው ሲላላ ከጀርባው በአናጺ ነጭ ኮላ ሌላ ጨርቅ በማስለጠፍ ነው፤ ኮላው ሲደርቅ ሸራውን ይጎትተውና ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። ስለ ብርና ነሐስ መስቀሎች አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ በሎሚና በአመድ ወይም በሱቅ ማጽጃ ባበሩ ቁጥር ከብረቱ ላይ ስስ ንጣፍ ይነሣል፤ ከጊዜ በኋላም የተቀረጸው ሐረግ ራሱ ይለሰልስና ይጠፋል።

ባለሙያው መታመን አለበት ስል ችሎታውን ብቻ ማለቴ አይደለም። በ1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፈረንሳዊው ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው፣ በአፍሪካ ቅርስ የሚያጠናና የሚሰበስብ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ጎንደር በነበረበት ጊዜ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ከቦታቸው ተነሥተው ተወስደዋል፤ በምትካቸውም የተልእኮው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጥፈዋል። ዋናዎቹ ዛሬ የሚገኙት ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ያረጀ ሥዕል ለጥገና ከግድግዳ ሲወርድ፣ አዲስ ሥዕል በቦታው ሲሰቀል፣ ባለቤቱ የሰጠውን ራሱን መልሶ እንዳገኘ የሚያረጋግጥበት መንገድ ካልተበጀለት ይህ ታሪክ በትንሽ በትንሹ በየቤቱ ሊደገም ይችላል። ስለዚህ እንዲወጣ የምጠይቀው መዝገብ የሙያ ብቃትን ብቻ ሳይሆን የአሠራር ግዴታንም የያዘ እንዲሆን እመክራለሁ።

ግዴታው ይህን ይመስላል። በመዝገቡ ላይ ያለ ባለሙያ ዕቃውን ሲረከብ ከፊትና ከኋላ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ልኩን፣ ያለበትን ሁኔታ፣ የታየውን ጉዳት በጽሑፍ አስፍሮ ከባለቤቱ ጋር ይፈራረማል፤ ምን ለማድረግ እንዳሰበ፣ በምን ዓይነት ቁስ እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስድና ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይገልጻል፤ ሲጨርስም ያደረገውን ሁሉ ጽፎ ከዕቃው ጋር ያስረክባል። ከነቀዝ የተነሣ የተቦረቦረ ሰሌዳ ቢመጣለት ነጭ ጋዝ አርከፍክፎ አይመልሰውም፤ ለምሳሌ ዕቃውን አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አሽጎ ኦክስጅኑን ከ1 በመቶ በታች አውርዶ ለሳምንታት በማቆየት ነቀዙን ከነእንቁላሉ መግደል እንደሚቻል ያውቃል፤ መሣሪያው ከሌለው ወዳለው ሰው ይልካል። እኔ በበኩሌ አንድን ባለሙያ እንዳምነው ከሚያደርጉኝ ነገሮች ሁሉ የማስበልጠው «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ እገሌ ዘንድ ውሰዱት» ማለት መቻሉን ነው። ሥዕሉንም ብራናውንም መስቀሉንም ካባውንም እኔ እሠራለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወደ ኋላ እላለሁ።

ሥራው በሚገባ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከከተማችን መውጣት አያስፈልግም። በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመረቀውና በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም እንደገና ተከፍቷል። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕልም በዚሁ ሥራ በልዩ ባለሙያዎች ተጠግኗል።  ፀሐይ ሲወጣበት የሚታየው የሠዓሊው ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ ገንዘብም ባለሙያም ከውጭ ማምጣት ይቻላል፤ የጎረቤታችንን ሰሌዳ ለመጠገን ግን ማንም ከውጭ አይመጣም። የታላቁ ሥራ ልምድ ለታናሹ እንዲተርፍ ከተፈለገ፣ በእንዲህ ያሉ እድሳቶች አጠገብ ቆመው የተማሩ ኢትዮጵያውያን እነማን እንደሆኑ ሕዝብ ሊያውቅ ይገባል።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደፈቱት መመልከትም ይጠቅማል። በእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ተቋም የባለሙያዎች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ እዚያ የሚመዘገበው ሰው ዕውቅና የሚያገኘው በሙያ ባልደረቦቹ ሥራው ተመርምሮ ነው፤ ካገኘም በኋላ ትምህርቱን እየቀጠለ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። ጣሊያን ውስጥ የጠጋኞችን ስም በሙያ ዘርፍ ለይቶ የሚይዘው የባህል ሚኒስቴሩ ራሱ ነው፤ በ1939 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮም የተመሠረተው ማዕከላዊ የጥገና ተቋምም ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል። የሁለቱ መንገድ ቢለያይም ሁለቱም ዜጋው በወሬ እንዳይመራ አድርገዋል። ለእኛ የጣሊያኑ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ፈቃድ ሰጪው አካል መንግሥት በሆነበት አገር የመረጃው ምንጭም እርሱ ቢሆን ይሻላል።

ከዚህ ቀደም መረጃው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የኖረ ሰው የትኛው አንጥረኛ የብር መስቀል ሲጠግን ብሩን እንደማይቀንስ፣ የትኛው ቁም ጸሐፊ የተበጠሰ ጥራዝ እንደሚሰፋ ከጎረቤቱ ይሰማ ነበር። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የአራት ኪሎ ነዋሪዎችና ባለሱቆች ወደ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ሲሄዱ ይህ የመተዋወቅ ሰንሰለት ተበጥሷል። ባለሙያው የት እንደገባ ደንበኛው አያውቅም፤ ደንበኛው የት እንደሄደም ባለሙያው አያውቅም። በዚያው ልክ ብዙ የቤት ዕቃ በአንድ ጊዜ በጭነት መኪና ተጉዟል፤ መስታወቱ የተሰበረ፣ ማእዘኑ የተላቀቀ፣ ዝናብ የነካው ሥዕል ጥቂት አይደለም። መዝገቡ ዛሬ ከመቼውም ይልቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ቁም ጸሐፊዎችንና አንጥረኞችን ካነሣሁ ዘንድ፣ መዝገቡ በዲግሪ ብቻ እንዳይታጠር አጥብቄ እለምናለሁ። ብራና ሲፋቅ፣ ሲወጠርና ሲደርቅ እንዴት እንደሚሆን እድሜውን ሙሉ ብራና ሲፍቅ የኖረ ሰው በጣቱ ያውቀዋል፤ ይህን ዕውቀት ከላቦራቶሪ የሚመጣ ሰው አያገኘውም። በሌላ በኩል መሥራት ማወቅና የተሠራውን ሳይለውጡ ማቆየት ማወቅ አንድ አይደሉም። አዲስ ድጉስ የሚደጉስ እጅ አሮጌውን ለመተው ይቸገራል። ሁለቱን ማገናኘት የሚችለው ባለሥልጣኑ ነው። በጥንታዊ ሥዕሎችና ብራናዎች ስብስቡ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው በስድስት ኪሎ ይገኛል፤ ሠዓልያንን የሚያሠለጥነው የአለ ትምህርት ቤትም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ባህላዊ ጥበበኞች ከእነዚህ ተቋማት ባለሙያዎች ጋር ለጥቂት ወራት አብረው የሚሠሩበት ፕሮግራም ቢዘረጋ፣ ያለፉትም በመዝገቡ ላይ በሚችሉት ሥራ ልክ ቢሰፍሩ፣ ባለሙያ የለም የሚለው ምክንያት ቶሎ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ አጥቢያዎችም አንድ ቃል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕል ብዙ ጊዜ በሸራ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሲያረጅም ምእመናን አዲስ ማሣላቸው የኖረ ልማድ ነው። ይህን ልማድ አልቃወምም፤ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ናትና ሥዕሏ እንዲታይ ትፈልጋለች። የምጠይቀው አዲሱ በአሮጌው ላይ እንዳይቀባ ነው። አሮጌው ሸራ በባለሙያ እጅ ተላቅቆ፣ ሳይታጠፍ በሰፊ ግንድ ላይ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ቢቀመጥ፣ አዲሱ በአዲስ ሸራ ላይ ቢሣል ሁለቱም ይኖሩናል። የሰበካ ጉባኤ አባላት ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ ማንን እንደሚጠሩ ግን ሊነገራቸው ይገባል።

አሁን ሰዎች በአደባባይ የማይናገሩትን አንድ ፍርሃት ላንሣ። ብዙ ቤተሰቦች ቅርሳቸውን ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የማያሳዩት ይወሰድብናል ብለው ስለሚሰጉ ነው። አያታቸው በክፉ ዘመን ደብቀው ያቆዩትን ዕቃ ለጥገና ፈቃድ ብለው ወስደው ሳይመልሱ መቅረትን ይፈራሉ። አዋጁ የግል ይዞታን ያውቃል፤ ማስመዝገብም ባለቤትነትን አያስቀርም። ይህ ግን በሰፊው ስላልተነገረ ሥዕሉ ከአልጋ ሥር አይወጣም፤ እዚያም ይበሰብሳል። ስለዚህ መዝገቡ በሚወጣበት ቀን፣ ዕቃውን ለምርመራና ለጥገና ያቀረበ ሰው በባለቤትነቱ ላይ ምንም ለውጥ እንደማይደርስበት፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ እንደሚረከብ በግልጽ ቋንቋ አብሮ እንዲታወጅ እጠይቃለሁ። ሰው ካልታመነ ባለሙያ ይልቅ የሚሸሸው ካልታመነ አሠራር ነው።

ከዋጋ አንጻርም መንግሥት ከፊል ወጪ ሊሸፍን ይችላል የሚለው ድንጋጌ በተግባር እንዴት እንደሚጠየቅ ቢገለጽ መልካም ነው። በጡረታ የምትኖር እናት አንድ ሰሌዳ ለማስጠገን የወራት ገቢዋን ልታወጣ አትችልም፤ ርካሹን የምትመርጠውም ስለዚህ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ባለቅርስ ቤተሰቦች፣ መዝገቡ እስኪወጣ ድረስ ልታደርጉ የምትችሉትን በአክብሮት ላስታውስ። ሥዕሉን አትጥረጉ፤ በእርጥብም ሆነ በደረቅ ጨርቅ። የረገፈ ቅርፊት ካለ በፖስታ አድርጋችሁ ከየት እንደረገፈና መቼ እንደሆነ ጻፉበት። ዕቃውን ከፊትም ከጀርባም በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ አንሡ፤ የተጻፈበት ነገር ካለ አቅርባችሁ አንሡት። ሥዕልን ከውጭው ግድግዳ አርቁት፤ ከግድግዳው ጋር ካልተጣበቀና ከጀርባው አየር ካለፈ ሻጋታ ይቀንሳል። ብራናን በላስቲክ ከረጢት አታሽጉት፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስተኝታችሁ አስቀምጡት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ሙዚየሞች ለብራና፣ ለጨርቅና ለውኃ ቀለም ሥራዎች ብርሃኑን በ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ የሚወስኑት ቀለም በብርሃን እንደሚለቅ ስለሚያውቁ ነውና፣ መስኮት ፊት አትስቀሉ። ጧፍና ዕጣንም ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ይብራ፤ ይጨስ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ መዝገቡ በአንድ ጊዜ ሙሉ ይሁን አልልም። በሥዕልና በብራና ቢጀመር፣ ጥቂት ስሞች ብቻ ቢኖሩበት፣ ስሞቹ ግን በእርግጥ የተመረመሩ ቢሆኑ ይበቃል። በብሔራዊ ሙዚየም ቅጥር ግቢ ወይም በሌላ አመቺ ቦታ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ሰው ዕቃውን ይዞ መጥቶ ባለሙያ የሚያይለትና ወደ ትክክለኛው እጅ የሚመራበት መስኮት ቢከፈት ደግሞ ሥራው በግማሽ ተሠራ ማለት ነው። ሁለቱም ከመጪው ሰኔ በፊት፣ ዝናቡ ሳይገባ እንዲጀመሩ እጠይቃለሁ። ባለሥልጣኑ በዚህ ጉዳይ የወሰነውን፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይቶ፣ በጽሑፍና በይፋ እንዲያስታውቀን በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ
አዲስ አበባ